«ለመንግሥት ብቻ» የሚሠራ የስልክ ቁልፍ ይኖራል? ከደብረ ማርቆስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ፣ ከአንድ የዜግነት ትምህርት መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎቼ ተከራክረው ሊስማሙ አልቻሉም። እኩሌቶቹ ‹ስልክ እንዲህ ጥርቅም ብሎ መቆለፉ የሚጠቅመው አጋችንና ሌባን ነው፤ ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው አለ?› ይላሉ። እኩሌቶቹ ‹ስልኬ ጓዳዬ ነው› ባይ ናቸው። አምራቾቹ ለመንግሥት ብቻ የሚሠራ አንድ ቁልፍ ቢያዘጋጁ ነገሩ አያልቅም? በነገራችን ላይ የኔ ስልክ ቴክኖ ነው፤ ፒኑ ባለ አራት አኃዝ ነው። በቅርቡ ስክሪን ሳስቀይር ሠሪው ፒኑን ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ። ይህስ ያሰጋል?»

መምህር፣ «በነገራችን ላይ» ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ጥያቄ ለዋናው ጥያቄ ግማሽ መልስ ናት። ፒኑን ለሠሪው የነገሩት ስክሪኑን ሞክሮ እንዲያስረክብዎ ነው። ፒኑ ግን «ለስክሪን መሞከሪያ ብቻ» ብሎ አይከፍትም፤ የቤተሰብ ፎቶውንም፣ ቴሌግራሙንም፣ የባንክ መልእክቱንም እኩል ይከፍታል። ሠሪው ታማኝ ይሆናል። አጠገቡ ተቀምጦ ሙያ የሚለምደው ልጅስ? ቁልፍ የያዘውን ሰው አይለይም። ስለ መንግሥት ቁልፍም የምለው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝሩ ነው። (የውጭ አገሩን ነገር በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ሕጎች በእኛው ዓ.ም. ጽፌያለሁ።)

ከክርክሩ በፊት ስልክ ሲቆለፍ ውስጡ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የስክሪን ቁልፍ የበር መዝጊያ ይመስለዋል፤ በሩን ከገነጠሉት ዕቃው እዚያው አለ። በአሁኑ ስልክ እንደዚያ አይደለም። ፎቶውና ጽሑፉ ራሱ ተመስጥሮ፣ ማለትም ያለ ቁልፉ ወደማይነበብ ነገር ተለውጦ ነው የተቀመጠው። የተለመደው የምስጠራ ዘዴ ኤኢኤስ ይባላል፤ በአሜሪካ መመዘኛ ሆኖ የጸደቀው በ2001 ነው። ቁልፉ 256 ቢት ከሆነ ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት 78 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሆናል። ይህን አንድ በአንድ ሞክሮ የሚጨርስ ኮምፒዩተር የለም። ደግሞ ይህ ቁልፍ የእርስዎ ፒን አይደለም። ፒኑ ፋብሪካ ላይ ቺፑ ውስጥ ከተቀበረ ሌላ ምስጢራዊ ቁጥር ጋር ተዋሕዶ ነው ቁልፉን የሚያስገኘው። ስለዚህ የማስቀመጫውን አይሲ (ቺፕ) በሙቀት ነቅሎ በሌላ መሣሪያ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ዝብርቅርቅ ነው፤ የቁልፉ ሌላ ግማሽ ማዘርቦርዱ ላይ ቀርቷልና።

ጎጃም ላይ ስለ ምስጢር ሲነገር ቅኔ መነሣቱ አይቀርምና አንድ ልዩነት ላመልክት። ተማሪዎችዎ «ምስጠራ ማለት ሰምና ወርቅ ነው» ቢሉ ልክ አይሆኑም። በቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ስልቱ ነው፤ ዋሸራ ወይም ዲማ ተቀምጦ ስልቱን የተማረ ሰው ሰሙን ገፎ ወርቁን ያወጣዋል። በዘመናዊ ምስጠራ ስልቱ ለዓለም ሁሉ ታትሞ የተሰጠ ነው። የሚሰወረው ቁልፉ ብቻ ነው፤ ስልቱን የፈጠረው ሰው እንኳ ቁልፉ ከሌለው እንደ ማናችንም በር ላይ ይቀራል። አንድ አምራች «መክፈት አልችልም» ሲል ሰው ሁሉ ውሸታም የሚያደርገው ይህን ስለማያውቅ ይመስለኛል።

ስለዚህ ፖሊስም ሆነ ሌባ የሚታገለው ከምስጠራው ጋር ሳይሆን ከፒኑ ጋር ነው። ሒሳቡን ተማሪዎችዎ ሰሌዳ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ። አይፎን አንድ ፒን ለመሞከር 80 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንዲፈጅ ሆኖ የተሠራ ነው። ሌላ ማገጃ ባይኖር ባለ አራት አኃዝ ፒን 10,000 አማራጭ ስላለው በ13 ደቂቃ ተሞክሮ ያልቃል። ባለ ስድስት አኃዙ አንድ ሚሊዮን ነው፤ 22 ሰዓት ይፈጃል። በስድስቱ ቦታ ላይ የእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላትና ቁጥሮች ቢቀላቀሉ ግን አማራጩ ከ2 ቢሊዮን ይበልጥና አምስት ዓመት ተኩል ይወስዳል። አራት አኃዝ በዚህ ሒሳብ ብቻውን ስለማይበቃ አምራቾቹ ሁለተኛ ማገጃ ጨመሩ፤ የተሳሳተን ሰው ማስጠበቅ። አንድሮይድ አምስት ጊዜ ሲሳሳቱ 30 ሰከንድ ያስጠብቃል፤ ስሕተቱ ሲደጋገም እየረዘመ ሄዶ ለአንድ ሙከራ እስከ አንድ ቀን ይደርሳል። በቀን አንዴ ከሆነ 10,000 ሙከራ 27 ዓመት ነው። አይፎን ላይ ደግሞ አሥር ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሁሉንም እንዲያጠፋበት ማዘዝ ይቻላል።

በዓለም የታወቀው ክርክር የተነሣው በዚችው ማገጃ ምክንያት ነው። በዲሴምበር 2015 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን በርናርዲኖ በተባለች ከተማ 14 ሰዎች ተገደሉ። ከገዳዮቹ አንዱ ይይዘው የነበረ የመሥሪያ ቤት ስልክ፣ አይፎን 5ሲ፣ ተቆልፎ ተገኘ። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በፌብሩዋሪ 2016 የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አወጣ። ትዕዛዙ የአይፎን አምራች የሆነው አፕል ምስጠራውን ይስበር አይልም። አሥረኛው ሙከራ ላይ የሚያጠፋውንና በየመሀሉ የሚያስጠብቀውን ማገጃ የሚያነሣ ሶፍትዌር ጽፎ፣ በራሱ ዲጂታል ማኅተም አትሞ ይጫን ነው የሚለው። ለትዕዛዙ መሠረት የሆነው ሕግ በ1789 የወጣ ነው። አፕል እምቢ አለ፤ አንዴ የተጻፈ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ለአንድ ስልክ ብቻ ሆኖ አይቀርም ብሎ ተከራከረ። በማርች መጨረሻ ኤፍቢአይ በሌላ ወገን እርዳታ ስልኩን ከፈተና ጥያቄውን ሳበ፤ ማን ትክክል እንደነበረ ሳይወሰን ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነጥብ አለች። ከአይፎን 5ኤስ ጀምሮ ቺፑ ውስጥ የተለየ የጥበቃ ክፍል ገብቷል። 5ሲ ያ የለውም፤ ማገጃው ዋናው ሶፍትዌር ላይ ነበር። ክርክሩ ገና ሲጀመር ስልኩ ያረጀ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ። እንዳይሳሳቱብኝ፣ ለመንግሥት የሚሠራ ቁልፍ በቴክኒክ ይቻላል። የማይቻለው «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት።

በ1993 የአሜሪካ መንግሥት ክሊፐር የተባለ የምስጠራ ቺፕ አቀረበ። የእያንዳንዱ ቺፕ ቁልፍ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲቀመጥ ታስቦ ነበር። በ1994 ማት ብሌዝ የተባለ ተመራማሪ ምስጠራውን እየተጠቀሙ የመንግሥትን መክፈቻ ግን ማምከን እንደሚቻል አሳየ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዕቅዱ ተተወ።

ቁልፍን ከፋፍሎ ማስቀመጥ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የደብሩ ሙዳየ ምጽዋት ሁለት ሦስት ቁልፍ እየተደረገለት ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ካልተገኙ አይከፈትም። ጥሩ ሥርዓት ነው። የሚሠራው ግን ሣጥኑ አንድ ስለሆነ፣ ያለበት ቦታ ስለሚታወቅና ሲከፈት ሰው ስለሚያይ ነው። የስልኩ ቁልፍ ከእነዚህ አንዱም የለውም። አንድ ቁልፍ ሚሊዮን ሣጥን ይከፍታል፤ ከሩቅ ሊከፍት ይችላል፤ ኮቴም አይተውም። ደግሞም ቁልፉ ቁጥር ነው። ብረት ሲሰረቅ ከኪስ ይጎድላል፤ ቁጥር ሲሰረቅ ግን ከቦታው ስለማይጎድል ባለቤቱ መሰረቁን አያውቅም።

ግሪክ ላይ የሆነውን ይመልከቱ። በ2004 እና በ2005 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኮስታስ ካራማንሊስ ስልክ ጭምር ከ100 የሚበልጡ ስልኮች በቮዳፎን ግሪክ መረብ ላይ በስውር ሲጠለፉ ቆዩ። ጠላፊዎቹ አዲስ ቀዳዳ አልቆፈሩም። በሕግ ለሚታዘዝ ጠለፋ ተብሎ ኤሪክሰን በሠራው የጥሪ ማቀያየሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የነበረውን ክፍል ነው በድብቅ ያስነሡት። በ2024 ደግሞ ሶልት ታይፉን የሚል ስም የወጣላቸው፣ አሜሪካ ከቻይና መንግሥት ጋር ያያያዘቻቸው ጠላፊዎች ትልልቅ የአሜሪካ ቴሌኮሞች ውስጥ ተገኙ፤ ከደረሱባቸው ቦታዎች አንዱ ለፍርድ ቤት ትዕዛዝ የተዘጋጀው የጠለፋ ሥርዓት ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነትና የኤፍቢአይ ባለሥልጣናት ሰዎች የተመሰጠረ መልእክት መላላኪያ ቢጠቀሙ እንደሚሻል ተናገሩ። ኤፍቢአይ ዓመታት ሙሉ ምስጠራን ሲወቅስ የነበረ ቤት ነው።

ለእኛ አገር የሚብሰው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። የየትኛው መንግሥት ቁልፍ? የቴክኖ ባለቤት ትራንሲዮን መቀመጫው ቻይና፣ ሼንዘን ነው። አንድሮይድ የጎግል ነው፤ ጎግልም አፕልም የአሜሪካ ናቸው። ቁልፍ ይሠራ ከተባለ መጀመሪያ የሚይዙት እነሱና አገሮቻቸው ናቸው። የእኛ ሚኒስትር፣ የእኛ ጄኔራል፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የሚይዙት ስልክ እርስዎ ከሚይዙት የተለየ አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎችዎ ግላዊነትን በአንድ ሰሃን፣ የአገር ደኅንነትን በሌላ ሰሃን አስቀምጠው ሲመዝኑ ሚዛኑ ከመነሻው ተዛብቷል፤ የአገር ደኅንነት በሁለቱም ሰሃን ላይ አለ። አጋቹስ? ጠንካራ ምስጠራ የሚሠራ ሶፍትዌር ኮዱ ታትሞ በነጻ ይገኛል። የፋብሪካው ስልክ የጓሮ በር እንዳለው ያወቀ ወንጀለኛ በላዩ ላይ ሌላ ይጭናል። በጓሮ በሩ የሚገባበት ሰው ያልጠረጠረው ነው።

ይሁን እንጂ «ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል» ያሉትን ተማሪዎች በዚህ ብቻ ዝም ማሰኘት አይገባም። የሚያነሡት ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ስለ ዕገታ ጎጃም ላይ ማንም ማስረጃ አይጠይቅም። መጠየቅ ያለበት፣ መርማሪውን ያጎደለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ገንዘብ የሚጠይቀው ጥሪ ተራ የድምፅ ጥሪ ከሆነ የስልክ ምስጠራ አይሸፍነውም። ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስ የሚመሰጠሩት ከስልኩ እስከ አንቴናው ባለው አየር ላይ ነው፤ ቴሌኮሙ ውስጥ ግልጽ ናቸው። ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ በየትኛው አንቴና በኩል እንደደወለ ይመዘገባል። የቀፎው መለያ የሆነው ኢሜኢ ቁጥርም አብሮ ስለሚታይ ሲም እየቀያየረ በአንድ ቀፎ የሚደውል ሰው አልተሰወረም።

ቦታውን ማወቅ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በቱጂ ኔትወርክ አንቴናው የስልኩን ርቀት የሚለካው በ550 ሜትር እርከን ነው፤ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከተማ ውስጥ ብዙ አንቴና ስላለ ሰፈሩ ይታወቃል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ፣ አንድ አንቴና ብቻ በሚሰማበት ቦታ፣ የሚገኘው ነጥብ ሳይሆን የቀለበት ቁራጭ ነው። የአንቴናው ፊት ብዙውን ጊዜ 120 ዲግሪ ስለሚሸፍን በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቁራጩ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ገደልና ጫካ ያለበት 40 ኪሎ ሜትር። ሲሙ በማያውቀው ገበሬ ስም ወጥቶ፣ ገንዘቡ የሚገባበት አካውንትም የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ መርማሪው የሚቆምበት ቦታ ይኸው ነው። የስልክ ምስጠራን ነገ ብናጠፋው ከእነዚህ አንዱም አይቃለልም።

ስልኩ እጅ ከገባ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ዝግ አይደለም። በርቶ አንዴ ፒን የገባበት ስልክ ተመልሶ ቢቆለፍም አብዛኛዎቹ ቁልፎች ራም ላይ (ስልኩ ሲጠፋ በሚጸዳው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ) ይቆያሉ። ጠፍቶ የበራና ፒን ያልገባበት ስልክ ግን ቁልፉ የለውም። ለዚህ ነው መርማሪዎች የያዙትን ስልክ እንዳይጠፋ ቻርጅ ላይ አድርገው፣ ኔትወርክ በማያሳልፍ ከረጢት ከተው የሚወስዱት፤ እንደ ሴለብራይት ያሉ የምርመራ መሣሪያዎች ሥራ የሚቀላቸው በዚያ ሁኔታ ነው። አፕል በ2024 በአይኦኤስ 18.1 ለ72 ሰዓት ሳይከፈት የቆየ ስልክ ራሱን አጥፍቶ እንዲያበራ አደረገ፤ ጎግልም በ2025 ተመሳሳዩን በአማራጭነት አስገባ። ለመርማሪ የሦስት ቀን ሩጫ ነው። ቀዳዳዎችም አሉ። በ2019 የተገለጠው ቼክኤምኤይት የተባለ ጉድለት ከአይፎን 4ኤስ እስከ አይፎን ቴን ድረስ ቺፑ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ በአፕዴት አይደፈንም። በርካሽ አንድሮይዶች ላይ የሚገኙ ብዙ የሚዲያቴክ ቺፖችም የዚህ ዓይነት ጉድለት አለባቸው። የወንጀለኞችን የራሳቸውን አገልግሎት መስበርም አለ፤ በ2020 የፈረንሳይ ፖሊስ ኤንክሮቻት የተባለውን የተመሰጠረ የስልክ አገልግሎት ሰብሮ ገባ። በ2021 ደግሞ ወንጀለኞች እንደ ምስጢር ይገለገሉበት የነበረው አኖም በኤፍቢአይ እጅ ሲመራ እንደነበር ታወቀ። በሁለቱም የመምህሩን ስልክ ማዳከም አላስፈለገም።

ይህም መንገድ ነውር የለሽ አይደለም። ቀዳዳን አውቆ ዝም የሚል መንግሥት ዜጎቹንም ክፍት አድርጎ ነው የሚተው። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ለራሱ ያስቀመጠው የዊንዶውስ ቀዳዳ ተሰርቆ ወጣና በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በእሱ ገብቶ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር አስቆመ። የስለላ ሶፍትዌርም የተገዛበትን ዓላማ ይዞ አይቆይም። በ2013 እና በ2014 ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ያወጣቸው ጥናቶች ፊንፊሸር የተባለውን የስለላ ሶፍትዌርና ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ የሠራውን ከኢትዮጵያ ጋር አያይዘው አንሥተዋል፤ ኢላማ ከሆኑት ውስጥ በውጭ አገር የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ነበሩ። እና ደግሞ ኪሳራ የለም ብል እዋሻለሁ። ረጅም ፓስወርድ ያለው፣ አዲስ፣ ጠፍቶ የተገኘ፣ ባክአፕ የሌለው ስልክ ውስጥ ያለ ማስረጃ አይወጣም። አንዳንድ ክስ በዚህ ምክንያት ይወድቃል። ይህን ዋጋ አውቆ መቀበል ነው እንጂ ዋጋ የለውም ማለት አያስኬድም።

ሕጋችን የት ቆሟል ለሚለው፣ ለክፍሉ ሦስት ጽሑፍ ይበቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በቴሌፎን፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት አይደፈሬ ያደርጋል። መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ የአገር ደኅንነትን፣ የሕዝብን ሰላም፣ ወንጀልን መከላከልን በመሳሰሉ ዓላማዎች ላይ በተመሠረተ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። ከዝርዝር ሕጎቹ አንዱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። በአንቀጽ 25 ጠለፋ የሚደረገው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። መሠረተ ልማትን ሊጎዳ የሚችል አስቸኳይ ጉዳይ ሲሆን ዋናው ዐቃቤ ሕግ (ሥልጣኑ ዛሬ የፍትሕ ሚኒስቴር ሆኗል) ያለ ትዕዛዝ ሊፈቅድ ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዙ ድርጅቶችን ይመለከታል። እኔ ብጠየቅ ክርክሩ መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው፤ ዳኛው የሚፈርመው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ መሣሪያ፣ ለተወሰነ ቀን ነው ወይስ ለሁሉ? እንግሊዝ ለምሳሌ በ2000 ባወጣችው ሕግ፣ በትዕዛዝ ተጠይቆ ፓስወርድ አልሰጥም ያለን ሰው እስከ ሁለት ዓመት፣ ጉዳዩ የአገር ደኅንነት ከሆነ እስከ አምስት ዓመት ታስራለች። ከባድ ሕግ ነው፤ ግን የሚነካው ያንን ሰው ነው። በ2025 መጀመሪያ ይህችው እንግሊዝ በምስጢር ትዕዛዝ የአይክላውድን መረጃ እንዲከፍትላት አፕልን መጠየቋ ሲሰማ፣ አፕል ጠንካራውን የአይክላውድ ምስጠራ ከእንግሊዝ ተጠቃሚዎች ላይ አነሣው። ይህኛው የነካው ሁሉንም ነው።

በእኛ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ መቋረጡ ለስልኮቹ የተወው ጦስ ብዙም አይወራለትም። ዋይፋይ ያላገኘ ስልክ በዚያ ጊዜ የደኅንነት አፕዴት አልወሰደም፤ የታወቁ ቀዳዳዎች ክፍት እንደሆኑ ቀሩ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብተው የሴኩሪቲ ፓች ቀኑን ይዩ። ከዓመት በላይ ካለፈው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደው አፕዴት ያድርጉ፤ ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን።

የአንድሮይዱንም ቁጥር ይመልከቱ። ከ2019 ወዲህ በአንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ የወጣ ስልክ ሁሉ ከፋብሪካ ተመስጥሮ ነው የሚወጣው። ለደካማ ፕሮሰሰር አዲያንተም የተባለ ቀለል ያለ ዘዴ በዚያው ዓመት ስለመጣ «ርካሽ ስልክ ነው» የሚለው ምክንያት ቀርቷል። ከዚያ በታች ከሆነ «ሴኩሪቲ» ስር «ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ፈልገው ያረጋግጡ። ሚሞሪ ካርድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርስዎ ካልመሰጠሩት በቀር በማንም ኮምፒዩተር ይነበባል። ካሜራው ፎቶ የሚያስቀምጠው ሚሞሪ ላይ ከሆነ እስካሁን ያወራነው ሁሉ ለፎቶዎችዎ አይሠራም። ማስቀመጫውን ወደ ስልኩ ያዙሩት።

ፒኑን ዛሬውኑ ስድስት አኃዝ ያድርጉት፤ አራት ላይ ከቆዩም የትውልድ ዓመት አይሁን። ከ1950 እስከ 2000 ዓ.ም. 51 ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ጎረቤትዎ ማስጠበቂያው ሳያሰለቸው ሊያገኘው ይችላል። ፓተርን የሚወዱ ከሆነ 389,112 ዓይነት ይቻላል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ባለ አራት ነጥቡ ግን 1,624 ብቻ ስለሆነ ከአራት አኃዝ ፒን ያንሳል፤ የጣት ወዝም መስተዋቱ ላይ መንገዱን ይጽፋል። በርካሽ ስልክ ላይ በፊት ገጽ መክፈትን (ፌስ አንሎክን) ይተዉት፤ ተራ ካሜራ ስለሆነ ፎቶ ሊያታልለው ይችላል። ፒኑ ከጠፋብዎ ማንም አይመልስልዎትምና ወረቀት ላይ ጽፈው ለሚያምኑት ሰው ቤት ያስቀምጡ። «ዳታ ሳይጠፋ እከፍታለሁ» የሚል ሠሪ ወይ ስልኩ አሮጌ ወይም ቀዳዳ ያለበት ሆኖለት ነው፣ ወይ ገንዘብዎን ፈልጎ ነው። በተመሰጠረ ስልክ ላይ ፎርማት ሲደረግ ቁልፉ ስለሚጠፋ «ከፎርማት በኋላ ፎቶ እመልሳለሁ» የሚለውም ያው ነው።

ሲሙም ቁልፍ አለው። ሲም ሎክ ካልተደረገ ስልክዎን የሰረቀ ሰው ሲሙን አውጥቶ በሌላ ቀፎ ይከትና በኤስኤምኤስ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ሁሉ ይደርሰዋል። የሲሙን ፒን ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ ፐክ የተባለውን፣ ሲሙ የመጣበት ካርድ ላይ የተጻፈ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ፐኩን አሥር ጊዜ ከሳቱ ሲሙ ይሞታል፤ ስለዚህ ካርዱን አይጣሉ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። የቴሌግራም ተራ ቻት ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከቻቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ድርጅቱም እንዳያነበው) የሚመሰጠረው ሴክሬት ቻት ብቻ ነው፤ ለቡድን ቻት ጭራሽ የለም። ዋትሳፕ ከ2016 ጀምሮ ሁሉንም ይመሰጥራል፤ ጎግል ድራይቭ ላይ የሚያስቀምጠው ባክአፕ ግን እርስዎ ካላበሩት አይመሰጠርም። ሲያበሩት የመረጡት ፓስወርድ ወይም ባለ 64 አኃዝ ቁልፍ ከጠፋ ባክአፑም ሊጠፋ ይችላል።

ስክሪን ለመቀየር ፒን አያስፈልግም። ተቆልፎ እያለ ካሜራው ይከፈታል፤ ንክኪውም በአደጋ ጥሪ ሰሌዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞከራል። ሲምና ሚሞሪ አውጥተው፣ ስልኩን አጥፍተው ይስጡ፤ ሲመለስ ራስዎ ይክፈቱት። ሳምሰንግ የያዙ የሥራ ባልደረቦችዎ «ሜይንተናንስ ሞድ» የሚለውን ቢያበሩ ፎቶና መልእክት ተሸሽጎ ሠሪው ስልኩን በነጻነት ይሞክረዋል። ስፒከርና ቻርጅ መሰኪያም እንደዚሁ ነው።

ባለፈው የሰጡት ፒን ግን መቀየሩ ብቻውን አይበቃም። ፒን ያለው ሰው የራሱን የጣት አሻራ መጨመር ይችላል፤ ፒኑ ሲቀየር ደግሞ የተመዘገበው አሻራ አብሮ አይሰረዝም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የተመዘገቡትን አሻራዎች ይቁጠሩ፤ እርስዎ ካስመዘገቡት ከበለጠ ሁሉንም ሰርዘው የራስዎን እንደገና ያስመዝግቡ። ከዚያ ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱና የእርስዎ ያልሆነ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ገብቶ ከሆነ ያስወጡት።